ጠንካራ ትራይፖድና ሄድ በአነስተኛ በጀት እንዴት እንምረጥ?

ትራይፖድ ልንገዛ ስንነሳ ሦስት ነገር እንፈልጋለን፦ ጠንካራ እንዲሆን፣ ለመሸከም ቀላል እንዲሆን፣ ዋጋውም እንዳይጎዳን። ችግሩ ሦስቱ አንድ ላይ አይገኙም። ጠንካራና ቀላል የሆነው ጥሩ የካርቦን ፋይበር ትራይፖድ ነው፤ ዋጋው ግን ከካሜራው ሊበልጥ ይችላል። ቀላልና ርካሽ የሆነው በየሱቁ ሞልቷል፤ ግን ይንቀጠቀጣል። እንግዲህ በትንሽ ገንዘብ ጠንካራ ትራይፖድ የሚፈልግ ሰው አንዱን መተው አለበት፤ የሚተወውም ቅለቱን ነው። የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገር ይኸው ነው። ከዚህ በታች ለምን እንደሆነ፣ እግሩንና ሄዱን ስትመርጡ ምን ማየት እንዳለባችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊትም በስልካችሁ እንዴት እንደምትፈትኑት በዝርዝር አስረዳለሁ።

ትራይፖድን ከአማርኛ ሶፍትዌር ጋር ምን አገናኘው?

አማርኛን ከምስል ወደ ጽሑፍ የሚቀይር ሶፍትዌር፣ ማለትም ኦሲአር፣ ለመሥራት የሞከረ ሁሉ ቶሎ የሚገጥመው የምስል እጥረት ነው። ቴሰራክት የተባለው ነጻ ሶፍትዌር አማርኛ ያነባል። ለምርምር ከተዘጋጁት የአማርኛ ስብስቦች አንዱ የሆነው ኤዲኦሲአር 337,337 የመስመር ምስሎች አሉት። ከእነዚህ ውስጥ ከታተመ ወረቀት የተነሱት 40,929 ናቸው፤ የቀሩት በኮምፒውተር የተፈጠሩ ናቸው። ያረጀ ወረቀት፣ የደበዘዘ ቀለም፣ የሰው እጅ ጽሕፈት ያለበት እውነተኛ ምስል እንደልብ አይገኝም።

ወረቀቱ ያለው በሰው ቤት ነው። እዚህ ሜልበርን፣ በተለይ በፉትስክሬይና በዙሪያው ባሉት የምዕራብ ሰፈሮች፣ በብዙ ሐበሻ ቤት በሻንጣ ተይዞ የመጣ ነገር አለ፦ ደብዳቤ፣ የዕድር መዝገብ፣ የትምህርት ቤት መጽሔት፣ የጸሎት መጽሐፍ፣ ከገበያ የጠፋ ልብ ወለድ። እማማም ሆኑ አባባ እንዲህ ያለውን ወረቀት ከቤት አያስወጡም፤ ልክም ናቸው። ቅዳሜ ከሰዓት መጥታችሁ እዚሁ አንሱት ይሏችኋል። ቡና እየተፈላ ሁለት ሦስት ሰዓት ታነሳላችሁ፤ ከዚያ መዝገቡ ተመልሶ ሳጥኑ ውስጥ ይገባል። ቤታችሁ ገብታችሁ ስታዩት ግማሹ ገጽ የተንቀጠቀጠ ከሆነ ሌላ ቅዳሜ ላይኖር ይችላል።

ሥራው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ፕሮጀክት በየገዳማቱና በየአብያተ ክርስቲያናቱ ያሉ ከ9 ሺህ በላይ መጻሕፍትን በፊልም አስቀርቷል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ እነዚያን ፊልሞች በአሜሪካ ሚኒሶታ በሚገኘው የሂል ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠው ለብዙ ዓመታት እያነበቡ በዝርዝር መዝግበዋቸዋል። ብራናው ኢትዮጵያ፣ አንባቢው አሜሪካ። አንባቢው የሚያየው ካሜራው ረግቶ የያዘውን ብቻ ነው። የእኛም ኦሲአር እንደዚያው ነው፤ ምስሉ ላይ የሌለውን ፊደል ማንበብ አይችልም።

አንድ ፊደል ስንት ፒክስል ነው?

በላቲን ጽሑፍ አናባቢው ራሱን የቻለ ፊደል ነው። በእኛ ግን በፊደሉ ላይ የምትቀጠል ትንሽ ምልክት ናት። "በላ" እና "ብላ" የሚለያዩት ከ"በ" ጎን በምትወጣ አንዲት ጭረት ነው። "ቡ" እና "ቢ" የሚለያዩት ቅጥያዋ ከመሃል በመውጣቷ ወይም ከእግሩ በመውጣቷ ነው። "ተ" እና "ቸ"፣ "ነ" እና "ኘ" ደግሞ ከላይ ባለች ሰረዝ ይለያያሉ። ምስሉ ትንሽ ሲደበዝዝ ቀድመው የሚጠፉት እነዚህ ምልክቶች ናቸው።

በቁጥር እንየው። ባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ የሚሰጠው ምስል ረጅም ጎኑ 6,000 ፒክስል ነው። ኤ4 ገጽ፣ ርዝመቱ 297 ሚሊሜትር፣ ከትንሽ ጠርዝ ጋር ምስሉን ሲሞላው ለ1 ሚሊሜትር ወረቀት 19 ፒክስል ያህል ይደርሰዋል። በመጽሐፍ ፊደል የ"ቡ" ቅጥያ ግማሽ ሚሊሜትር ናት ብንል፣ ከ9 እስከ 10 ፒክስል ማለት ነው። አሁን ካሜራው ከገጹ 60 ሳንቲሜትር ርቆ ቆሟል እንበል። ሸተሩ ተከፍቶ ሳለ ከ1 ዲግሪ ሃምሳኛውን ያህል ቢያዘነብል፣ ምስሉ ወረቀቱ ላይ 0.2 ሚሊሜትር ይንሸራተታል። 4 ፒክስል ሆነ። የቅጥያዋ ግማሽ ሊሞላ ምንም አልቀረው። ይህን ያህል እንቅስቃሴ ደግሞ ካሜራውን በዓይን እያያችሁት አይታወቃችሁም።

ሸተሩን ለምን አናፈጥነውም የሚል ይኖራል። የመጽሐፍ ገጽ መሃሉ ስለሚጎብጥ ጫፉም መሃሉም ጥርት እንዲል የሌንሱን ቀዳዳ ጠበብ ማድረግ ያስፈልጋል፤ 8 ላይ ማድረግ የተለመደ ነው። ወረቀቱ ላይ ነጠብጣብ እንዳይበዛ ደግሞ አይኤስኦውን ዝቅ እናደርጋለን። ከመስኮት በሚገባ ብርሃን እነዚህ ሁለቱ ተደምረው ሸተሩን ወደ 1/15 ሰከንድ አካባቢ ያወርዱታል። ከ1/30 እስከ 1 ሰከንድ ያለው ክልል ለትራይፖድ አስቸጋሪው ነው፤ ጣታችሁ አዝራሩን ሲጫን ወይም ሸተሩ ሲከፈት የሚነሳው ንዝረት የሚያልፈው በዚያው ጊዜ ውስጥ ነውና። ሸተሩ ለብዙ ሰከንዶች ሲከፈት ግን ንዝረቱ የጊዜውን ትንሽ ክፍል ብቻ ስለሚይዝ ጉዳቱ ይቀንሳል።

ጥንካሬና ግትርነት

ድስት በሦስት ጉልቻ የሚቀመጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ሦስት ነጥቦች ምንጊዜም በአንድ ጠፍጣፋ ገጽ ላይ ስለሚያርፉ መሬቱ ወጣ ገባ ቢሆንም ሦስት እግር ያለው ነገር አይወዛወዝም። አራት እግር ያለው ጠረጴዛ ግን አንዱ እግሩ ሲያጥር ይንገዳገዳል፤ ከእግሩ ሥር የታጠፈ ወረቀት ያስገባ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ማንኛውም ትራይፖድ፣ የ20 ዶላሩም ቢሆን፣ ይቆማል። ልዩነቱ የሚታየው ከቆመ በኋላ ሲነካ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። ጥንካሬ ስንል ዕቃው ሳይሰበር የሚሸከመው ክብደት ነው። ግትርነት ደግሞ ሲገፉት አለመታጠፉ፣ ሲጠመዝዙት አለመዞሩ ነው። የጎማ ገመድ ብዙ ኪሎ ይሸከማል፤ ካሜራ አንጠልጥላችሁ ግን ፎቶ አታነሱበትም። በትራይፖድ ካርቶን ላይ የሚጻፈው "እስከ 8 ኪሎ ይሸከማል" የሚለው ቁጥር የሚናገረው ስለ መጀመሪያው ነው። ሁሉም አምራች የሚከተለው አንድ የመለኪያ ደንብ ስለሌለ የአንዱ 8 ኪሎ ከሌላው 8 ኪሎ ጋር አይወዳደርም። ካሜራችሁ 1 ኪሎ ቢሆን፣ 8 ኪሎ ይችላል መባሉ ስለ ንዝረቱ ምንም አይነግራችሁም። ያንን ቁጥር አልፋችሁ እግሩን ተመልከቱ።

እግሩን እንዴት እንመርጣለን?

መጀመሪያ የቱቦውን ውፍረት እዩ። የቱቦ ግትርነት ከውጩ ዲያሜትር ጋር በጣም በፍጥነት ያድጋል፤ በስሌቱ ውስጥ ዲያሜትሩ የሚገባው በአራተኛ ኃይል ነው። ግድግዳቸው እኩል 1.5 ሚሊሜትር የሆነ ሁለት የአሉሚኒየም ቱቦዎችን ብናወዳድር፣ የ25 ሚሊሜትሩ ከ16 ሚሊሜትሩ ወደ 4 እጥፍ የሚጠጋ ግትርነት አለው። በዓይን የምናየው የ9 ሚሊሜትር ልዩነት ይህን ያህል ያመጣል።

ቀጥሎ እግሩ በስንት ክፍል እንደሚሳብ ቁጠሩ። እያንዳንዱ ክፍል ከላዩ ውስጥ ስለሚገባ ከእሱ መቅጠኑ ግድ ነው። ባለ 5 ክፍል እግር ተጣጥፎ ቦርሳ ውስጥ ይገባል፤ የመጨረሻው ክፍል ግን እንደ እርሳስ የቀጠነ ይሆናል። በየመጋጠሚያው ደግሞ አንድ መቆለፊያ አለ፤ መቆለፊያ በበዛ ቁጥር የሚላላ ቦታ ይበዛል። በአነስተኛ በጀት ባለ 3 ክፍል እግር ምረጡ። ሲታጠፍ ረዘም ይላል፣ ባቡር ውስጥም ከጎናችሁ ላለው ሰው ትንሽ ይከብዳል፤ ከዚያ በቀር ጉዳት የለውም። ስትዘረጉት ሁልጊዜ ከወፍራሙ ክፍል ጀምሩ፤ ቀጭኑን ቁመት ሲያንሳችሁ ብቻ ሳቡት።

ሦስተኛው የመሃል ዘንግ ነው። ዘንጉን ወደ ላይ ስባችሁ ካሜራ ስትሰቅሉበት በሦስት እግር ላይ አንድ እግር እንደጨመራችሁ ቁጠሩት፤ የሦስቱ መረጋጋት በዚያ በአንዱ ላይ ይንጠለጠላል። ስለዚህ የትራይፖዱን ቁመት ስታነቡ ዘንጉ ሳይሳብ ያለውን ቁመት ፈልጉ። ሻጮች በትልቁ የሚጽፉት ዘንጉ ተስቦ ያለውን ነው።

አራተኛ፣ ሦስቱ እግሮች የሚገናኙበትን አናት ያዙና ጠምዝዙት። ብረት ሆኖ ሰፋ ያለና ሲጠመዘዝ ዝም የሚል ከሆነ ጥሩ ነው። ስስ ፕላስቲክ ሆኖ እግሩ በማጠፊያው ላይ ወደ ጎን የሚወዛወዝ ከሆነ ግን ተዉት። ከእግር ወደ እግር የተዘረጉ ቀጫጭን የፕላስቲክ ማሰሪያዎች ያሉበትን ርካሽ ትራይፖድም እንዲሁ እለፉት፤ ማሰሪያው የተደረገው እግሩ ብቻውን መቆም ስላቃተው ነው፣ ባልተስተካከለ መሬት ላይም እግሮቹን ለየብቻ እንዳታዘነብሉ ይከለክላችኋል።

ከምን እንደተሠራ ማየት የሚመጣው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ካርቦን ፋይበር ቀላል ነው፣ ንዝረቱም ቶሎ ይረግባል። ነገር ግን በእኩል ዋጋ ቀጭን የካርቦንና ወፍራም የአሉሚኒየም እግር ቢቀርቡላችሁ ወፍራሙን አሉሚኒየም ውሰዱ። እንጨትም አይናቅ። የቀያሾች ትራይፖድ ብዙ ጊዜ ከእንጨት ወይም ከወፍራም አሉሚኒየም ይሠራል፤ የተሠራውም በነፋስና በጭቃ መሃል መሣሪያ ላለማነቃነቅ ነው። እዚህ አገር የሌዘር ውኃ ልክ ማስቀመጫ ተብሎ ከግንባታ ዕቃ ጋር ይሸጣል። አናቱ ላይ ያለው ብሎን 5/8 ኢንች ስለሆነ ወደ ካሜራ ብሎን የሚቀይር ትንሽ መገጣጠሚያ ያስፈልገዋል። ክብደቱን የሚችል ሰው በዚህ መንገድ ብዙ ገንዘብ ያድናል። ከእሱም ቢሆን ቀጫጭኑን ሳይሆን ወፍራሙን ምረጡ።

ሄዱን እንዴት እንመርጣለን?

ሄድ የምንለው ካሜራው የሚታሰርበትና አቅጣጫውን የምናዞርበት የላይኛው ክፍል ነው። በርካሽ ትራይፖድ ላይ ከእግሩ ጋር ተጣብቆ ይመጣል፤ ሲበላሽ አብሮ ይጣላል። እግሩና ሄዱ የሚለያይ ትራይፖድ ግዙ። እንዲህ ከሆነ ዛሬ እግሩ ላይ ገንዘባችሁን አውጥታችሁ ሄዱን ከዓመት በኋላ መቀየር ትችላላችሁ። በፕሮግራመር ቋንቋ፣ በይነ ገጹ አንድ እስከሆነ ድረስ የውስጡን ክፍል መቀየር ቀላል ነው። በይነ ገጹም ለረጅም ዘመን አልተለወጠም፦ እግርና ሄድ የሚገናኙበት ብሎን በአብዛኛው 3/8 ኢንች ሲሆን፣ ካሜራው የሚገባበት 1/4 ኢንች ነው። ስልክ ለማሰር የሚሸጡት መያዣዎችም ባለ 1/4 ኢንች ቀዳዳ ናቸው።

አራት ዓይነት ሄድ በብዛት ታገኛላችሁ። ቦል ሄድ አንድ ኳስ በአንድ ቁልፍ የሚጠብቅበት ነው፤ ፈጣንና ትንሽ ነው፣ ለጉዞና ለሰው ፎቶ ይመቻል። ርካሹ ቦል ሄድ ግን አንድ አመል አለው፦ አስተካክላችሁ ቁልፉን ስታጠብቁ ካሜራው ትንሽ ይሰግዳል። ለመልክዓ ምድር ይታለፋል፤ ለገጽ ግን አንዱ ጠርዝ ሰፍቶ ሌላው ይጠብባል። ባለ 3 አቅጣጫ ሄድ ሦስት እጀታ አለው፤ አንዱን ፈትታችሁ ስታስተካክሉ ሁለቱ አይነቃነቁም። ለመጽሐፍና ለሰነድ የምመርጠው ይህን ነው። ግዙፍና ከባድ ስለሆነ ፈላጊው ጥቂት ነው፤ ይህም ዋጋ ለመደራደር ይረዳችኋል። የጥርስ ሄድ የተባለው ደግሞ እያንዳንዱን አቅጣጫ በማዞሪያ ጥቂት በጥቂት ያንቀሳቅሳል፤ ለሰነድ ከሁሉ የተሻለ ነው፣ ዋጋው ግን ከፍ ይላል።

አራተኛው ለቪዲዮ የሚሆነው ፍሉይድ ሄድ ነው፤ ታሪኩ ከዚሁ አገር ጋር ይገናኛል። ኤሪክ ሚለር የተባለ አውስትራሊያዊ እ.ኤ.አ. በ1946 ሲድኒ ውስጥ ፍሉይድ ሄድን ፈልስፎ የፈጠራ መብት አስመዘገበ። በውስጡ ያለው ወፍራም ፈሳሽ የእጃችንን መንቀጥቀጥ እየዋጠ ካሜራው በዝግታና በእኩል ፍጥነት እንዲዞር ያደርጋል። ሠርግ ወይም የጥምቀት በዓል በቪዲዮ የሚቀርጽ ሰው ይህን ይፈልጋል። በርካሽ ዕቃ ላይ "ፍሉይድ" ተብሎ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ በግሪስ ብቻ የሚሠራ ነው፤ ስታዞሩት መጀመሪያ ላይ ያዝ አድርጎ ድንገት የሚለቅ ከሆነ እሱ ነው። ለቆመ ፎቶ ብቻ የምትፈልጉት ከሆነ ለፍሉይድ ሄድ ገንዘብ አታውጡ።

በመጨረሻ ካሜራው ላይ የሚታሰረውን ፕሌት እዩ። ብዙ ኩባንያዎች የየራሳቸው ቅርጽ አላቸው፤ አርካ ስዊስ የጀመረው ቅርጽ ግን በብዙ አምራቾች ስለተወሰደ ቢጠፋባችሁም ምትኩ በቀላሉ ይገኛል። ያገለገለ ሄድ ስትገዙ ፕሌቱ አብሮ መኖሩን ሳታረጋግጡ አትክፈሉ።

የሜልበርን ወለልና ነፋስ

በምዕራብ ሜልበርን ያሉ ብዙ አሮጌ ቤቶች የእንጨት ናቸው። ወለላቸው በአጫጭር ምሰሶዎች ላይ የተነጠፈ ጣውላ ስለሆነ ሰው በአጠገባችሁ ሲያልፍ ጣውላው ይጎብጣል፣ ትራይፖዱም አብሮ ያዘነብላል። የሺህ ዶላር ትራይፖድም ከወለሉ በላይ አይረጋም። ስለዚህ ከክፍሉ መሃል ይልቅ ወደ ግድግዳው ጥግ ተጠጉ፤ ጣውላው እዚያ ያነሰ ይጎብጣል። የኮንክሪት ወለል ያለው ጋራዥ ወይም ልብስ ማጠቢያ ክፍል ካለ ደግሞ ይበልጣል። ሸተሩ ሲከፈት እናንተም ቁሙ፣ ልጆቹም ይቀመጡ።

ከቤት ውጭም ተመሳሳይ ነው። ከተማ መሃል ፕሪንስስ ድልድይ ላይ ቆማችሁ ወንዙንና የማታውን መብራት ስታነሱ ትራም ባለፈ ቁጥር ድልድዩ ይንቀጠቀጣል፤ ትራሙ እስኪያልፍ መጠበቅ ብቻ ነው መፍትሔው። በበጋ የሰሜኑ ትኩስ ነፋስ ድንገት ወደ ቀዝቃዛው የደቡብ ነፋስ ሲገለበጥ ደግሞ ትራይፖዱን ዝቅ አድርጉ፣ የካሜራውን ማንገቻ ፈትታችሁ አስቀምጡ፤ ማንገቻው እንደ ሸራ ነፋስ ይይዛል። ከመሃል ዘንጉ ሥር ቦርሳ ስታንጠለጥሉ ቦርሳው መሬት መንካት አለበት፤ ተንጠልጥሎ ከተወዛወዘ ንዝረት የሚጨምረው እሱ ራሱ ይሆናል።

ክንድ ከመግዛት አትሮኖስ ማቆም

መጽሐፍ የሚያነሳ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው መጽሐፉን ጠረጴዛ ላይ አጋድሞ ካሜራውን በአግዳሚ ክንድ ከላይ መስቀል ነው። ለትንሽ በጀት ይህ የሚያስቸግር መንገድ ነው። ወደ ጎን የተዘረጋ ክንድ ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን ጫፉ ላይ ባለው ክብደት የሚጎብጠው 8 እጥፍ ነው። የክብደቱ ማዕከል ከሦስቱ እግሮች ክልል ከወጣ ደግሞ ካሜራው መጽሐፉ ላይ ይወድቃል። ክንድ የግድ ከሆነ አንዱን እግር ከክንዱ በታች ወደፊት አድርጉት፣ በተቃራኒው ጫፍም ማመጣጠኛ ክብደት ስቀሉ።

የሚሻለው ግን መጽሐፉን ማዘንበል ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መጽሐፍ በአትሮኖስ ላይ ያዘነበለው ለአንባቢው ዓይን እንዲቀና ነው፤ ካሜራም እንደ አንባቢ ይቆጠር። መጽሐፉን በ45 ዲግሪ ያህል ባዘነበለ ሰሌዳ ላይ አድርጉና ካሜራውን ፊት ለፊቱ አቁሙት። ክንድ አያስፈልግም፣ ዘንጉም አይሳብም፣ ትራይፖዱ በሚጠነክርበት አቋም ይሠራል። ከሌላው ገጽ ሥር ድጋፍ ካደረጋችሁ መጽሐፉን እስከ መጨረሻው መዘርጋት ስለማያስፈልግ ጥራዙም አይሰነጠቅም።

ካሜራው ገጹን በትክክል ፊት ለፊት ማየቱን ለማወቅ ደግሞ ትንሽ ጠፍጣፋ መስታወት ገጹ ላይ አስተኙ። በካሜራው ስታዩ የሌንሱ ምስል በመስታወቱ ውስጥ መሃል ላይ ከታየ ቀጥ ብሏል ማለት ነው። ጎን ከታየ ሄዱን አስተካክሉ። ባለ 3 አቅጣጫ ሄድ ዋጋውን የሚመልሰው እዚህ ላይ ነው።

ከመክፈላችሁ በፊት በስልክ መፈተን

ስልካችሁ ውስጥ ያለው የእንቅስቃሴ መለኪያ ለዚህ ሥራ ይበቃል። በጀርመን የአኽን ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ፋይፎክስ የተባለ ነጻ መተግበሪያ የመለኪያውን ቁጥር በግራፍ ያሳያል። ኮድ የምትጽፉ ከሆነም በስልክ ብሮውዘር ላይ በጥቂት የጃቫስክሪፕት መስመሮች ቁጥሮቹን ማንበብ ትችላላችሁ።

ትራይፖዱን በምትጠቀሙበት ቁመት አቁሙት፣ ስልኩን በመያዣ ሄዱ ላይ እሰሩት፣ መቅዳት ጀምሩ፣ ከዚያ አንዱን እግር በብዕር ጫፍ መታ አድርጉ። ግራፉ ላይ እየጠበበ የሚሄድ ሞገድ ይታያል። ሁለት ነገር አንብቡ። አንደኛው ሞገዱ እስኪጠፋ የሚወስደው ጊዜ ነው። ሁለተኛው ሞገዱ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ነው፤ በበዛ ቁጥር ትራይፖዱ ግትር ነው። በእኩል ክብደት፣ የአንዱ ምልልስ የሌላው እጥፍ ከሆነ ግትርነቱ 4 እጥፍ ነው ማለት ነው። ሁለት ትራይፖድ ስታወዳድሩ ያው ስልክ፣ ያው ቁመት፣ ያው ወለል ይሁን። ከዚያ ዘንጉን ስባችሁ ደግማችሁ መታ አድርጉት፤ ስለ መሃል ዘንግ ከላይ የጻፍኩትን ግራፉ ራሱ ያሳያችኋል።

ይህ ሙከራ ከገዛችሁ በኋላም ይጠቅማል። ንዝረቱ ለመርገብ 1.5 ሰከንድ የሚወስድ ከሆነ የካሜራውን የ2 ሰከንድ ቆጣሪ ተጠቀሙ፤ 3 ሰከንድ ከወሰደ ወደ 10ው ሂዱ። ቆጣሪው ነጻ ስለሆነ ሪሞት መግዛት አያስፈልግም። ካሜራችሁ ድምፅ አልባ ሸተር ካለው አብሩት፤ በአምፖል ብርሃን ምስሉ ላይ ጥቁር መስመሮች ካመጣ ግን አጥፉትና በመስኮት ብርሃን ሥሩ።

ገንዘቡን እንዴት እናካፍል?

በእጃችሁ 200 የአውስትራሊያ ዶላር አለ እንበል። በዚህ ዋጋ አዲስ ዕቃ ከፈለጋችሁ ብዙ ጊዜ የሚቀርብላችሁ ባለ ብዙ ክፍል፣ ቀጭንና ቀላል የጉዞ ትራይፖድ ነው። ያገለገለ ከፈለጋችሁ ግን የባለሙያ ዕቃ ደርሳችሁ ትመርጣላችሁ። ትራይፖድ እንደ ስልክ በሁለት ዓመት አያረጅም፤ ውስጡ ባትሪም ሶፍትዌርም የለም። በጥሩ ሁኔታ የተያዘ የ15 ዓመት አሉሚኒየም እግር ዛሬም ያው ግትርነት አለው። ማንፍሮቶ 055 የተባለውና የመሳሰሉት ባለ 3 ክፍል የአሉሚኒየም እግሮች በጋምትሪና በመሳሰሉት የአሮጌ ዕቃ ገበያዎች ልትፈልጓቸው የሚገቡ ናቸው። እኔ ብሆን ወደ 120ው ዶላር ለእግር፣ ወደ 60ው ለሄድ፣ ቀሪውን ለፕሌትና ለመገጣጠሚያ እመድባለሁ። እግሩ ሄዱን ስለሚሸከም ከእግሩ አትቀንሱ።

ያገለገለውን ስታዩ ሁሉንም መቆለፊያ ክፈቱና ዝጉ፤ ከዘጋችሁ በኋላ እግሩን ወደ ታች ተጫኑት፣ መንሸራተት የለበትም። በሚጠመዘዙት መቆለፊያዎች ውስጥ የባሕር ዳር አሸዋ ድምፅ ከሰማችሁ ተፈትተው መታጠብ አለባቸው፤ ያንን ለዋጋ መቀነሻ ተጠቀሙበት። የእጀታ መቆለፊያ የላላ እንደሆነ ብዙ ጊዜ በቁልፍ ይጠብቃል። የተሰነጠቀ አናት ወይም የታጠፈ ቱቦ ግን አይጠገንምና ተዉት። በመጨረሻ ሄዱን ቆልፋችሁ በሌንሱ ቦታ ላይ እጃችሁን አሳርፉ፤ ከሰገደ እግሩን ብቻ ለመግዛት ተደራደሩ።

ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይባላል። ትራይፖድም ጨለማ ክፍልን አያበራም፣ የተሳሳተ ፎከስን አያርምም። ካሜራችሁና ሌንሳችሁ መስጠት የሚችሉትን ጥራት ንዝረት እንዳይነጥቃችሁ ግን ያደርጋል። ለዚህ ደግሞ ወፍራም እግር፣ ጥቂት መጋጠሚያ፣ ያልተሳበ ዘንግና የማይሰግድ ሄድ ይበቃሉ፤ እነዚህም ክብደታቸውን ለመሸከም ለፈቀደ ሰው ውድ አይደሉም። ሰነድ ልታነሱ ሰው ቤት ስትሄዱ ደግሞ የመጀመሪያውን ገጽ እንዳነሳችሁ ካሜራው ላይ እስከ መጨረሻው አጉሉትና ከማዕዘኑ አንድ "ቡ" እና አንድ "ብ" ፈልጉ። ሁለቱን በግልጽ ከለያችሁ ቀሪውን ገጽ ቀጥሉ።